ጀግንነት በምን ይመዘናል?

በጦርነት ያሸነፈ ሁሉ ድል አደረገ ይባላል፤ ነገር ግን ጠላትን ማጥፋትና ጠላትነትን ማጥፋት አንድ አይደሉም።

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ማረኩ፤ ቂም ሳይዙም ቁስላቸውን አስታመሙ። በ1888 ዓ.ም. እኒያው ምርኮኛ ጦራቸውን አስከትተው በዓድዋ ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ ወገኖቻቸው በቡራዩ የተገደሉባቸው ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ገዳዩን መፈለግ የዳኛ ሥራ ነው፤ በቀል ግን ንጹሑን ጎረቤት ባገኘ ነበር።

እንግዲህ ጀግንነትን በወደቁት ብዛት ብቻ አንመዝን፤ በዳኑትም ይመዘን። ሰይፉን የሚመልስ የጦር አለቃና ሣር የያዘ ሽማግሌ ድላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ለነገ ወንድም ያተርፋሉና።