ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

ልጆቼ፣ እስቲ ቁጭ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሐኪም ቤት አይደለም፤ ሐኪም ቤት ሳይደረስ በፊት ስላለው ረጅም መንገድ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጠብና ለክርክር ብቻ አይደለም፤ ለበሽታም ነው። እኛ ግን ተረቱን በአፋችን ይዘን፣ የልጁ ሆድ ሲነፋ፣ አባወራውን ደም ሲያስመልሰው፣ ያኔ ገና ቅጠል ፍለጋ እንወጣለን።

የጣና ዳር ሰው እንጀራው ከሐይቁ ነው። ዓሣ ያሰግርበታል፣ በደንገል ታንኳ ይሻገርበታል፣ ልብሱን ያጥብበታል፣ ከብቱን ያጠጣበታል። ልጆችም ፀሐይ ሲበረታ ይዋኙበታል። ነገር ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ፣ ከዘጌ እስከ ጎርጎራ፣ በዚህ ሐይቅ ዳር የአንጀት ቢልሃርዝያ አብሮን ኖሯል። በገባ ዕለት አልጋ ላይ አይጥልም፤ ሰው የሚንቀውም ለዚህ ነው።

በሽታው የሚነሣው ከእኛው ነው። የታመመ ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ በሽታውን የሚያመጣው ትል እንቁላል አብሮ ይወጣል። ጎርፍ ጠርጎ ሐይቅ ሲያስገባው ይፈለፈልና በዳር ሣርና በአረም ሥር የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ አንድ ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲራባ ቆይቶ፣ ዓይን የማያየው እጭ ሆኖ በሺህ እየተቆጠረ ይወጣል፤ ያውም በብዛት የሚወጣው ቀን፣ ልጆቻችን በሚዋኙበት ሰዓት ነው። ቆዳ ሰርስሮ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ብቻ በቂ ነው። ከዚያ ሴቷ ትል በአንጀት ደም ሥር ውስጥ ተቀምጣ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ይህም ለዓመታት ነው። የሚወጣው ወጥቶ የቀረው ጉበት ውስጥ ይወሸቃል፤ ጉበትን ያደነድናል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ በመጨረሻም በምግብ መውረጃ ቧንቧ ያለውን ደም ሥር ወጥሮ ያፈነዳዋል።

የጤና ሰዎች በሽታን መከላከልን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። ጉማሬ በሚወጣበት ዳር የሚያርስ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ብልህ ከሆነ መጀመሪያውኑ በጉማሬ መንገድ ላይ አያርስም። ሁለተኛ፣ ያረሰውን ያጥራል። ሦስተኛ፣ ሌሊት ማማ ላይ አድሮ ኮሽታ እንደ ሰማ ያባርራል። አራተኛ፣ አውሬው ገብቶ ከረጋገጠም አልቅሶ አይተወውም፤ የወደቀውን አቃንቶ የተረፈውን ያተርፋል። አራቱን የሚያውቅ እህል ይበላል፤ አራተኛውን ብቻ የሚያውቅ ግን ዕድሜ ልኩን ቃርሚያ ለቃሚ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም፤ የአገርና የመንግሥት ነው። ንጹሕ ውሃ በቅርብ የሌላትን እናት «ሐይቅ አትውረጂ» ብሎ መቆጣት ግፍ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቧንቧ በየቀበሌው ይግባ፤ የከተማው ፍሳሽ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ መሄጃ አይበጅለት፤ አዲስ መስኖ ሲቀየስ ከቦዩ ጋር በሽታውም እንዳይከተል ከወዲሁ ይታሰብበት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያስቸገረንን የእንቦጭ አረምም የዓሣ አስጋሪ ብቻ ጠላት አድርጋችሁ አትዩት፤ ውሃው በአረም ታፍኖ ሲተኛ ቀንድ አውጣ መጠለያ ታገኛለች።

ሁለተኛው ደረጃ በየቤታችን ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ልጆቻችን ሠልጥነው ተመደቡ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ጉድጓድ አስቆፈሩን። አንዳንዱ ግን መጸዳጃ ቤቱን የሠራው ለባለሙያዋ ዓይን ነው፤ እሷ ስትሄድ የማገዶ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ይህ ራስን ማታለል ነው። ዘጠኝ ቤት ጉድጓድ ቆፍሮ አሥረኛው ሐይቅ ዳር ከተቀመጠ፣ የአሥሩም ቤት ልጅ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ መጸዳጃችሁን ተጠቀሙበት፤ ሕፃናትንም አስለምዱ። ለመታጠቢያ የተቀዳ ውሃ ሁለት ቀን ተከድኖ ቢያድር እጩ ይሞታል፤ ፈልቶ ቢቀዘቅዝም ይሞታል። ለመጠጥ ግን ማሳደሩ አይበቃም፤ አፍሉት። ረግረግ የሚገባ ሰው ቦቲ ጫማ ቢያገኝ አይናቀው።

እንዶድንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምረው ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ እንደሚገድል የታወቀው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ልገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በዓለም ፊት ተሸለሙበት። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ማንም ተነሥቶ ሐይቅ ውስጥ አይበትነው፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ በጊዜ መመርመር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዓይነ ምድር ለምርመራ መስጠት የሚያሳፍረው ብዙ ነው፤ ጉበቱ ከደነደነ በኋላ ግን ኀፍረቱ ምን ይጠቅመዋል? ሆዱን የሚቆርጠው፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚመላለስበት፣ ከውሃ የማይወጣ ሠራተኛ ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። ትምህርት ቤት ውስጥ ቁመት እየተለካ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ልጆቻችሁን አብልታችሁ ላኩ። ግን ልብ በሉ፦ ክኒኑ ያደገውን ትል ይገድላል እንጂ ገና ለጋውን እጅግም አይነካም፤ ነገ የሚገባውንም አይከለክልም። ጠዋት ክኒን ውጦ ከሰዓት በኋላ እዚያው ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ከርሞም ያንኑ ክኒን ይጠብቃል።

አራተኛው ደረጃ ላይ የደረሰውን ወገን ደግሞ «አንዴ ታሟል» ብለን አንተወው። ደም የሚያስመልሰው ሰው ወደ ጠበል ብቻ አይወሰድ፤ ሳይውል ሳያድር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይድረስ። ጉበቱ የተጎዳ አረቄውን ይተው፤ ቀጠሮውን አያሳልፍ፤ ጎረቤትም እርሻውን ይያዝለት። የተበላሸውን ሁሉ መመለስ ባይቻልም እንዳይከፋ ማድረግ ይቻላል። ያም መከላከል ነው።

ይህ ሥርዓት የቢልሃርዝያ ብቻ አይደለም። የክልላችንን ሰው ዓይን ያጠፋው ትራኮማም በዚሁ መንገድ ይያዛል፦ ውሃና መጸዳጃ ማዳረስ፣ የልጅን ፊት ማጠብ፣ መድኃኒቱን በጊዜ መዋጥ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ለታጠፈበት ደግሞ ቀዶ ጥገና።

አሁን የሆዴን ልንገራችሁ። መከላከል የሚከብደው ጉልበት ስለሚጠይቅ አይደለም፤ ምስጋና ስለሌለው ነው። ሐኪም አንድ ሰው ከሞት ቢያተርፍ ሰፈሩ እልል ይላል፤ ጉድጓድ ቆፍራ የሰፈሩን ልጆች ያዳነችውን ሴት ግን ማንም አያመሰግናትም፤ ያልታመመ ልጅ አይታይማ! ያልመጣ መከራ አይወራለትም። ስለዚህ ሰው የሚታየውን እያከበረ የማይታየውን ይተዋል፤ መንግሥትም ሆስፒታል ሲያስመርቅ ሪባን ይቆርጣል እንጂ ለመጸዳጃ ቤት ሪባን ሲቆረጥ እምብዛም አናይም። ይህን ልማድ መስበር ያለብን እኛ ነን። ሲሞት ለመቅበር ዕድር ያለን ሰዎች፣ እንዳይሞት ለመጠበቅስ ለምን አንሰባሰብም? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የለ?

እንግዲህ በዕድሩም፣ በሰንበቴውም፣ በመስጊዱም ደጅ ይህ ይነገር። የዕድር ዳኞች የእያንዳንዱን አባል መጸዳጃ በየክረምቱ መግቢያ ይዩ፤ ጎርፍ ሳይወርድ ማለት ነው። አቅም ላጣች መበለት ወጣቱ ይቆፍርላት። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን ደጅ ሲመጡ ወንበር ይቅረብላቸው። ሽማግሌም ሲመርቅ፣ ድግስ የደገሰውን ብቻ ሳይሆን ጉድጓድ የቆፈረውንም በስሙ ጠርቶ ይመርቅ።

ያጠራችሁት ማሳ ይባረክላችሁ። ልጆቻችሁ በጤና አድገው ለእናንተ ምርኩዝ ይሁኑ። አሜን በሉ።