ጓዝና አደራ

ሰው ለመንገድ ሲነሣ የሚሸክፈው ጓዝ ስለ ማንነቱ ብዙ ይናገራል። ነጋዴ ሚዛኑንና መዝገቡን፣ ወታደር ስንቅና ትጥቁን፣ ተማሪ ደብተሩንና መጽሐፉን ይይዛል። የከያኒ ጓዝ ግን ከሁሉም ይለያል፤ እርሱ የሚሸክፈው ሌላ ሰውን ነውና። በሻንጣው ውስጥ የሽማግሌ ጢም፣ የንጉሥ ካባ፣ የባልቴት ሻሽ ተጣጥፈው ይተኛሉ። ሻንጣው ሲከፈት ያ ሌላው ሰው ይነሣል፤ ሲዘጋም ተመልሶ ያንቀላፋል። እንግዲህ የከያኒን ሻንጣ አሸካከፍ ስንመረምር የምናነሣው የእጅ ሙያ ጥያቄ ብቻ ነውን? ወይስ የግብረ ገብም ጥያቄ ነው? የግብረ ገብም ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝ የገዛ ጥፋቴ ስለ ሆነ በእርሱ እጀምራለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለትምህርት ቤት ልጆች ጨዋታ ከሚያሳይ አነስተኛ የኪነት ቡድን ጋር ወደ ጅጅጋ ተጕዤ ነበር። የእኔ ሥራ ጓዝ መጠበቅ ነው። ከሐረር ተነሥተን ባቢሌን አለፍን፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ሊወድቅ ሲል የቆመ በሚመስልበት በዳካታ ሸለቆ አቋረጥን፤ የካራማራን ተራራ ከተሻገርን በኋላም በሜዳው ላይ የተዘረጋችው ጅጅጋ ታየችን። የጅጅጋ ነፋስ ለእንግዳ አይራራም፤ አቧራውን አንሥቶ በበሩም በመስኮቱም ቀዳዳ ያስገባል። የጨዋታችን ዋና ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ለልጆች ደብተርና እርሳስ የሚያድል አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ነበር። ታኅሣሥ በገባ ቍጥር በአዲስ አበባ ሆቴሎችና መደብሮች ቀይ ለብሶ የሚታየው የገና አባት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሽማግሌውን የሚጫወተው ባልደረባችንም በበዓሉ ሰሞን ያንኑ ቀይ ልብስ ለብሶ እንጀራውን ያገኝ ነበር። በጅጅጋ ግን አብዛኞቹ ልጆች የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ስለ ሆኑ የበዓሉን ስም ትተን «እንግዳው አያት» አልነው።

ጨዋታው ሠመረ። ልጆቹ ሣቁ፣ አጨበጨቡ፣ አያትየውንም እስከ በሩ ሸኙ። እኔ ግን መንገዱ ሳይመሽብን ለመድረስ በመቸኮል ጢሙን በሣጥኑ ሳላኖር፣ ካባውንም ሳላጥፍ፣ ሁሉንም እንዳገኘሁ በሻንጣው ውስጥ ወርውሬ ክዳኑን ሳልዘጋ ከመኪናው ኋላ አስቀመጥሁት። ውኃ ጠጥቼ ስመለስ ሰባት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ከሻንጣው አጠገብ ቆሟል። ጢሙ ከላይ ተጋድሟል፤ ባዶው የካባው እጅጌ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና በሶማልኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሾፌራችን የአገሩ ተወላጅ ነበርና ተረጐመልኝ። «አዴር፣ አያትየው ሞቱ ወይ?» ነበር ያለው። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ልጅ ታላቁን ሰው በአክብሮት የሚጠራበት ቃል ነው።

እኔም ደንግጬ «የለም፣ ደክሟቸው ተኝተው ነው» አልሁት። መልሱ በተተረጐመለት ጊዜ ልጁ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አኑሮ፣ የተኙትን ላለመቀስቀስ በእግሩ ጫፍ እየረገጠ ሄደ።

በዚያን ቀን በመድረክ ላይ ብዙ ነገር ተብሏል። ከሩቅ አገር ያልመጣ ሰው መጣሁ ብሏል፤ ወጣቱ አረጀሁ ብሏል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መካከል ሐሰት የነበረችው ከመኪናው ኋላ እኔ የተናገርኋት ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንደ ነበረች የተረዳሁት ውሎ አድሮ ነው።

ይህ አነጋገር አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ሌላ ሰው መስሎ መታየት ራሱ ሐሰት አይደለምን? ለዚህ ጥያቄ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ መልስ አበጅቶለታል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የመሠረት» ብሎ ይመልሳል። በሶማሌ ሕዝብ ዘንድም ተራኪው «ሼኮ ሼኮ» ሲል ልጆቹ «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይቀበላሉ፤ የሐር ተረት እንደ ማለት ነው። ይህ ልውውጥ ውል ነው። አንዱ «ልፈጥር ነው» ይላል፤ ሌላው «ፈቅጃለሁ፣ ፍጠር» ይላል። ውሉ ከታሰረ በኋላ ስሟ ረጅም ጆሮ ማለት የሆነው ሰው በላዋ ደግዴር በጨለማ ሕፃናትን ብታሳድድ ተራኪውን ውሸታም የሚለው የለም። ሐሰት ሰሚው ያልፈቀደው ፈጠራ ነው፤ ተረት ግን ሰሚው ፈቅዶ የሚገባበት ቤት ነው።

መምሰል እውነትን እንደማይገድል፣ አንዳንድ ጊዜም አንደበት እንደሚሆነው የሚያሳይ ምሳሌ ከጅጅጋ ታሪክ አይርቅም። በአንድ ወቅት የጅጅጋ ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን፣ በአውሬዎች አንደበት የሚነገረውን ኮሜዲያ ደርሰው በአዲስ አበባ አሳይተዋል። አውሬዎቹ የተናገሩት የሰዎችን አስተዳደር ጉድለት ስለ ነበር ተውኔቱ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች አስቈጥቶ ታገደ። አውሬ ተመስሎ የተነገረው ነገር ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማንን ባስቈጣ ነበር? እንዲሁም ተስፋዬ ሣህሉ ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው ተውነዋል፤ በኋላም አባባ ተስፋዬ ተብለው ለአሥርተ ዓመታት በቴሌቪዥን ለሕፃናት ተረት ነግረዋል። በ2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ በተረታቸው ያደገው ትውልድ አዘነ እንጂ ተታለልሁ አላለም።

ይሁን እንጂ የገና አባት ነገር ከዚህ ይለያል። ሥሩ በአራተኛው መቶ ዓመት፣ በዛሬዋ ቱርክ ምድር በምትገኘው በሜራ ጳጳስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ይመዘዛል፤ ትውፊቱም ይህ ሰው ለድኾች በስውር ይሰጥ እንደ ነበር ይናገራል። ዛሬ የምናውቀውን ወፍራምና ሣቂታ ሽማግሌ ግን የቀረጹት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1860ዎቹ ጀምሮ ቶማስ ናስት በጋዜጣ ሥዕሎቹ መልኩን አስለመደ፤ ከ1931 ወዲህም የኮካ ኮላ ማስታወቂያዎች በዓለም ዙሪያ አዳረሱት። በ1937 ቻርልስ ሃዋርድ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ግዛት በአልቢዮን ከተማ ይህን ሽማግሌ መሆን የሚያስተምር ትምህርት ቤት እስከ መክፈት ደረሰ። በእኛ አገር ገና ሲከበር የኖረው ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ክርስቲያን ማሕሌትና በሜዳ ላይ በሚመታው የገና ጨዋታ ስለ ሆነ፣ ቀይ ለባሹ ሽማግሌ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው።

ይህ እንግዳ ወደ ሕፃን ሲቀርብ «ተረት ተረት» አይልም፤ «እኔ ነኝ፣ መጣሁ» ይላል። ሕፃኑም «የመሠረት» ብሎ ፈቃዱን አልሰጠም። ስለዚህ ውል የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ሥራው ሁሉ ማታለል ነው ብለን እንዝጋውን? እኔ እንደሚመስለኝ ውል በሌለበት ቦታ ሌላ ማሰሪያ ይገባል፤ እርሱም አደራ ነው። ውል ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ አደራ ግን የሚያስረው ተቀባዩን ብቻ ነው። ሕፃን ይህን ያህል አምንሃለሁ ብሎ አይፈርምም፤ ያለውን አመኔታ በሙሉ አምጥቶ በሽማግሌው ጭን ላይ ያኖረዋል። ግራና ቀኙ ያልተመዛዘነ ጭነት የግመልን ጀርባ እንደሚያቈስል የጅጅጋ ሰው ያውቃል። ሕፃኑ የማይሸከመውን ወገን ከያኒው ራሱ ካልተሸከመው የሚቈስለው ሕፃኑ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው እንመለስ። አደራው የሚጠበቀው በመድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመድረክ በፊትና በኋላ፣ ማንም በማያይበት ሰዓት በሻንጣው አጠገብ ነው። ጓዝ አሸካከፍን ከማን እንማር ብባል በደምበል፣ በሽንሌና በአይሻ ምድር ከከብቶቻቸው ጋር የሚንቀሳቀሱትን የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶች እጠቅሳለሁ። አቃል የሚባለው ቤታቸው ከጐበጡ እንጨቶችና እነርሱው ከሚሠሯቸው ምንጣፎች ይቆማል። ቤቱን የሚተክሉትም፣ የሚያፈርሱትም ሴቶቹ ናቸው። ለጉዞ ሲነሡ ምንጣፉ ለግመሉ ጀርባ መደላድል ይሆናል፤ እንጨቶቹ በሁለቱ ጐን ይታሰራሉ፤ የወተቱና የውኃው ዕቃ ከላይ ይሆናል። ጓዙ ራሱ ቤት ነውና አንድ ነገር ቢጐድል የሚጐድለው ከቤቱ ነው።

የከያኒውም ሻንጣ እንዲሁ ነው። ከባዱ ጫማና ቀበቶ ከሥር ይሁን፤ ጫማው በአፈር ልብሱን እንዳያቈሽሽ በራሱ ከረጢት ይግባ። ካባው ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይታጠፍ፤ አቧራው በውስጠኛው በኩል ይቅር፣ ሻንጣው በድንገት ቢከፈትም ቀለሙ ለአላፊ አግዳሚ አይታይ። ጢሙና ጠጕሩ ተበጥረው፣ ንጹሕ ወረቀት በውስጣቸው ተደርጎ፣ ክዳን ባለው ሣጥን ይቀመጡ፤ የተጨማደደ ጢም ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ከጭን ላይ ለተቀመጠው ሕፃን ነውና። የጢሙ ማጣበቂያና ማስለቀቂያው ቢፈስስ ልብስ እንዳያበላሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው ይያዝ። ነጭ ጓንት ከአንድ ጥንድ በላይ ያስፈልጋል፤ የልጆች እጅ ከረሜላ ይዞ የሚመጣ ነውና። መርፌ፣ ቀይና ነጭ ክር፣ መርፌ ቍልፍ፣ መስተዋት፣ ማበጠሪያና ፎጣ በጐን ኪስ ይሁኑ። እንደ አይሻ ባለ ቆላ በወፍራም ካባ የሚጫወት ሰው የመጠጥ ውኃውን አይርሳ፤ ላብ የነካው ልብስም ከደረቁ ጋር አይጣፍ። ስጦታው በሌላ ከረጢት፣ በልጆቹ ቍጥር ተቈጥሮ፣ ጥቂት ተጨምሮበት ይያዝ፤ የመጨረሻው ልጅ ባዶ እጁን ቢመለስ የሚያፍረው እርሱ ነው። ዝርዝሩ በክዳኑ ውስጥ ተለጥፎ ሲወጣም ሲገባም ይነበብ። በመጨረሻም ሻንጣው ይዘጋ፤ ይቈለፍ።

ነገሩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ሕፃን ዓለሙ የሚፈርሰው በታላቅ ክርክር ሳይሆን በአንዲት የተንጠለጠለች እጅጌ ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ግን ይቀራል። አታላይም እኮ ሻንጣውን አሰናድቶ ይሸክፋል፤ ሐሰተኛ ማኅተሙን፣ ሐሰተኛ ወረቀቱን በየቦታው ያኖራል። ሥርዓት ብቻውን ደግነትን ካላረጋገጠ፣ የተስተካከለ ሻንጣ የተስተካከለ ማታለያ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ተቃውሞው ተገቢ ነው። መልሱ ሻንጣው መቼና ለማን እንደሚከፈት በማየት የሚገኝ ይመስለኛል። የአታላይ ሻንጣ በተጠየቀ ጊዜ አይከፈትም፤ ቢከፈት ባለቤቱ ይጠፋልና። የከያኒው ግን የሚዘጋው ሕፃኑ ያልጠየቀውን መልስ በግድ እንዳይቀበል ነው። ሕፃኑ አድጎ፣ አስቦ፣ «እውነት አንተ ነህን?» ብሎ በጠየቀ ቀን መከፈት አለበት። ጥያቄው የልጁ መብት ነው፤ የሚጠይቅበትንም ጊዜ መምረጥ የእርሱ ነው። በቸልተኝነት አስቀድመን ብንከፍተው እንበድለዋለን፤ ሲጠይቀን ብንቈልፍበት ደግሞ የባሰ እንበድለዋለን።

ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ያልጻፍሁት አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ከቤት ሳይወጡ የተሰናዳ መልስ ነው። ሰው ሳይሰናዳ ሲደነግጥ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣለት ሐሰት ነው፤ የእኔም እንዲሁ ሆነ። የጅጅጋው ልጅ የጠየቀኝ የልብሱን ምስጢር አልነበረም፤ ስለ አንድ የወደዳቸው ሰው ደኅንነት ነበር። ያ ጥያቄ እንዲጠየቅ ያደረገው የእኔ ዝርክርክነት ነው፤ ከተጠየቀ በኋላ ግን እውነቱ ይገባው ነበር። «አልሞቱም ልጄ፤ እኒህ አያት የሚኖሩት በጨዋታ ውስጥ ነው። ጨዋታው ስላለቀ ልብሳቸውን እየሰበሰብሁ ነው፤ ና፣ ካባውን አብረን እንጠፍ» ብለው ኖሮ ምናልባት ያዝን ነበር፤ ነገር ግን አንዱን ጫፍ እርሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን አቧራውን ባራገፍን ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ ጐልማሳ ሆኗል፤ ምናልባት የራሱ ልጆች ይኖሩታል፤ ነገሩንም ረስቶት ይሆናል። እኔ ግን በእግሩ ጫፍ እየረገጠ የሄደውን አካሄድ አልረሳሁም። ለሥራ ወጥቼ ሻንጣ በዘጋሁ ቍጥር አስቀድሜ የጢሙን ሣጥን እዳስሳለሁ፤ ክዳኑ መግጠሙን ሳላረጋግጥም ከስፍራዬ አልነሣም።