የሳዊን ጥንታዊነት ከየት ይቆጠራል?

በመጸው ማብቂያ፣ ጥቅምት 21 ቀን (ኦክቶበር 31) ማታ፣ በአየርላንድ ሚዝ አውራጃ ትላክታ ወደሚባል ኮረብታ ችቦ ይዘው የሚወጡ ሰዎች አሉ። በዓሉ ሳዊን ይባላል። ዛሬ ከሚያከብሩት ብዙዎቹ በዚያች ሌሊት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው መጋረጃ እንደሚሳሳ፣ ይህም ከጥንት የኬልት ሕዝቦች ካህናት፣ ከድሩይዶች፣ የተወረሰ ጥንታዊ ጥበብ እንደሆነ ያምናሉ። እምነታቸው ልቤን ይነካዋል። ጥንት ሲሉ ግን የትኛውን ዘመን ነው? በማንስ በኩል ደረሳቸው?

መጀመሪያ የሚጠየቁት ድሩይዶቹ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ዝም ብለዋል። ዩልዮስ ቄሳር ስለ ጎል ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ድሩይዶች ትምህርታቸውን በጽሑፍ ማስፈር ነውር እንደሚመስላቸው፣ አንዳንዱ ደቀ መዝሙርም 20 ዓመት በቃል ሲያጠና እንደሚኖር ይናገራል። የጎል ሰዎች ቀንን ከማታ ጀምረው ይቆጥሩ እንደነበርም ጽፏል፤ በዓልን ከዋዜማ ለሚጀምር አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። ቄሳር ግን የሚናገረው ዛሬ ፈረንሳይ ስለምትባለው አገር እንጂ ስለ አየርላንድ አይደለም። በቃል ብቻ የኖረ ትምህርት ደግሞ ተናጋሪዎቹ ሲያልቁ አብሮ ያልቃል።

የሚቀጥሉት ምስክሮች የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። የጥንቱን ተረት በብራና ያሰፈሩት እነርሱ ሲሆኑ፣ በዓሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የጉባኤ፣ የግብዣና የጨዋታ ቀን ሆኖ ነው። ታዲያ የሙታኑ ነገር የኋላ ዘመን ፈጠራ ይሆን? እንዲህ ልል ስል ከእነዚሁ ተረቶች አንዱ የሆነው የኔራ ታሪክ አገደኝ። ኔራ በሳዊን ሌሊት ወደ አንድ የተሰቀለ ሰው ይሄዳል፤ ሬሳውም ጠማኝ፣ አዝለህ ውሰደኝ ይለዋል። እሳቱ በወጉ በተዳፈነበት ቤት መግባት አልቻሉም። እጣቢው ተደፍቶ ባደረበት ቤትም እንዲሁ። ሦስተኛው ቤት ግን እሳቱ አልተዳፈነም፣ እጣቢውም አልተደፋም፤ ሬሳው ገብቶ ጠጣና የመጨረሻውን ጉንጭ ቤተሰቡ ላይ ተፋው፤ ሁሉም ሞቱ። ስለዚህ የሙታኑ ነገር በእርግጥ የቆየ ነው። ግን መልኩን እንይ፤ ምሥጢራዊ ትምህርት የለበትም፤ የሚጠይቀው ማታ ማጀቱን በወጉ አዘጋጅቶ መተኛትን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መመርመር ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ሳዊን የኬልቶች አዲስ ዓመት ነው የሚለውን ሐሳብ ያስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የነበረው ምሁር ጆን ሪስ ነው፤ የታሪክ ተመራማሪው ሮናልድ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ማስረጃው ስስ መሆኑን አሳይቷል። ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ነጥቃ የቅዱሳን ሁሉ በዓል አደረገችው የሚለውም ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ800 ገደማ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ያንን በዓል ታከብር የነበረው ኤፕሪል 20 ቀን ነበርና። ሳዊን የሚገኝበት፣ ስምንት በዓላት ያሉት የዛሬዎቹ አረማውያን የዓመት ዑደትም የተሟላው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ነው።

ይህ ሁሉ ሲቀነስ ምን ይተርፋል? ከብቱ ይተርፋል።

በሜይ መጀመሪያ ወደ ተራራ ግጦሽ የወጣው መንጋ በሳዊን ሰሞን ይወርዳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ የድርቆሹን ክምር ያያል፣ ላሞቹን ይቆጥራል። የነጠፈችው አሮጊት ላም ትታረድ ወይስ ትክረም? ጊደሯስ? ክፉኛ ከራራ መኖው በፌብሩዋሪ ያልቅና የምትታለበዋም አብራ ትሞታለች። የቤት ኪራይና የአሽከር ውልም የሚታሰበው በዚሁ ሰሞን ነበር። የታረደው ሥጋ ገሚሱ ጨው ይገባል፣ ገሚሱ ይበላል። ግብዣው የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለመሞት የተመረጠውን በገዛ እጁ የለየ ሰው በዚያው ማታ የራሱን ሙታን ቢያስብም አልደነቅም። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1939 መካከል የአየርላንድ ተማሪዎች ከሽማግሌዎች ሰምተው የመዘገቧቸው ወጎች ስለዚህች ሌሊት ብዙ ይናገራሉ፤ ለእኔ እነዚህ የድሩይድ ጸሎት ነው ከሚባለው ከማንኛውም ነገር የበለጠ ይታመናሉ።

አንድ ነገር ብቻ አሁንም ይሞግተኛል። በአየርላንድ በታራ ኮረብታ ላይ የታጋቾች ጉብታ የሚባል ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ መቃብር አለ፤ በውስጡ ከ200 በላይ ሰዎች አፅም ተገኝቷል። በኖቬምበር መጀመሪያ የማለዳ ፀሐይ በመግቢያው ዘልቃ ትገባለች። የመግቢያው ርዝመት 4 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ለብዙ ቀናት ይገባልና አንድን ቀን ለይቶ ያመለክታል ማለት አይቻልም። ሠሪዎቹም የኬልት ቋንቋ ወደ ደሴቲቱ ከመድረሱ እጅግ ቀድመው የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሳዊን 5,000 ዓመት ሆኖታል ለማለት አልደፍርም። ሆኖም እነዚያም ሰዎች ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ በኖቬምበር ሣሩ ማደጉን ሲያቆም የትኛውን እንደሚያተርፉ መምረጥ ነበረባቸው።