የተሸፈነውን ማን ይግለጠው?

ለሕፃናት በተጻፈ ታሪክ ውስጥ ደራሲው ሆነ ብሎ የሸፈነውን እውነት፣ ሠዓሊውና የመጽሐፉ አዘጋጅ ገልጠው ማሳየት ይገባቸዋልን? ጥያቄው የኅትመት ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ልጆችን የእግዚአብሔርን ነገር ለሚያስተምር ሁሉ የኅሊና ጥያቄ ነው።

የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምእመን የነበረው ሲ. ኤስ. ልዊስ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 ስለ ናርንያ ምድር ሰባት መጻሕፍት አሳተመ። በመጀመሪያው መጽሐፍ አስላን የተባለው ታላቅ አንበሳ በአንድ ከዳተኛ ልጅ ፈንታ ይሞታል፤ ከሞትም ይነሣል። የክርስቶስ ስም ግን አይጠራም። ሰባቱንም መጻሕፍት በሥዕል ያስጌጠችው ፖሊን ቤይንስ (1922-2008) ናት። በ1989 ብራያን ሲብሊ ስለ እነዚሁ መጻሕፍት ያዘጋጀው «የናርንያ ምድር» የተሰኘ ባለሥዕል መጽሐፍም በእርሷ ሥዕሎች ወጥቷል።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ፈተና ይገጥመዋል። በአንበሳው ራስ ላይ የብርሃን አክሊል ቢሥል፣ በተሠዋበት ድንጋይ አጠገብ መስቀል ቢያቆም፣ በየገጹም ግርጌ ፍቺውን ቢጽፍ፣ ማንም ልጅ ምሥጢሩ ሳይገባው አይቀርም። ይህ አሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። እውነትን የሚያውቅ ሰው ለልጅ ሊነግር ሲችል ዝም ቢል በደል አይሆንበትምን? ቤተ ክርስቲያንስ በሥዕል ታስተምር የለምን? ታላቁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ በ600 ዓ.ም. ገደማ የማርሴይን ጳጳስ ሥዕሎችን በመስበሩ ሲገሥጹት፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ከሥዕል እንደሚማሩ አስረድተውታል።

ይሁን እንጂ መሸፈን ሁሉ ማታለል አይደለም። አታላይ የሚሸፍነው እንዳይገኝበት ነው፤ መምህር የሚሸፍነው ግን እንዲፈለግ ነው። የቅኔ ልጆች ይህን ያውቁታል፤ ወርቁ በሰሙ ውስጥ የሚቀመጠው ሰሚው በራሱ ድካም አግኝቶ እንዲደሰትበት ነው። ጌታችንም ለሕዝቡ በምሳሌ ይናገር ነበር፤ ለደቀ መዛሙርቱ ግን ለብቻቸው ሁሉን ይፈታላቸው ነበር (ማር. 4፥34)። ምሳሌው ቀደመ፣ ጥያቄው ተከተለ፣ ፍቺውም በጊዜው መጣ። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሥዕል ለልጁ መልስ ይሰጠዋል፤ የመጠየቅን ጸጋ ግን ይነሣዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ገበያን ብቻ የሚያይ አዘጋጅ አንበሳውን የሚታቀፍ አሻንጉሊት ሊያደርገው ይችላል። በ1952 በወጣው የናርንያ መጽሐፍ መጨረሻ፣ ነጭ በግ በባሕር ዳር የተጠበሰ ዓሣ አቅርቦ ልጆቹን ቁርስ ይጋብዛቸዋል፤ ሲነጋገሩም በጉ ተለውጦ አንበሳው ሆኖ ይታያል። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ቃል እየሰማን ላደግን ለእኛ ምልክቱ ሩቅ አይደለም። በራእይ ምዕራፍ 5 ዮሐንስ ስለ አንበሳው ሰማ፤ ዞሮ ሲመለከት ግን የታረደ በግ አየ። እንግዲህ የበጉን የዋህነት ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ግርማውን ይሰውራል፤ የአንበሳውን ጥርስ ብቻ የሚያሳይም ፍቅሩን ይሰውራል። የሠዓሊው ታማኝነት የሚለካው ሁለቱን አንድ ላይ በመያዙ እንጂ ብዙ በማብራራቱ አይደለም።

ስለዚህ፣ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ለልጆች ሥዕል ስናሳይ አስቀድመን ፍቺውን አናፍስስ። ዓይናቸው በሥዕሉ ላይ ጥቂት ይረፍ፤ ልባቸውም ይገረም። አንዱ ልጅ «ይህ አንበሳ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ግን ነገሩን አናድበስብስ። እስከዚያች ሰዓት ትዕግሥት የነበረው ዝምታ፣ ከዚያች ሰዓት በኋላ መንፈግ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ስሙን በግልጽ ልንነግረው ይገባናል።