ከንፈርህን አታስቸኩለው

ልጄ፣ ትናንት ማታ ትራምፔትህን ሰማሁት። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወዲህ፣ በከባድ መኪናው ጩኸት መሐል፣ ያችን ቀጭን ድምፅ ስትታገላት አመሸህ። ጆሮህ ጥሩ ነው፤ ትንፋሽህም አለ። ያሳሰበኝ ከንፈርህ ነው።

ድምፁ የሚነሣው ከከንፈርህ መርገብገብ ነው። ነሐሱ ያጎላዋል እንጂ አይፈጥረውም። እምቢ ሲልህ መሣሪያውን ወደ አፍህ አትግፋው። ስትገፋው ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ ከንፈርህ ይደነዝዛል። ሲደነዝዝ ደግሞ የባሰ ትገፋለህ። እኔ የተጎዳሁት እንዲህ ነው፣ ልጄ። በጉብዝናዬ ከሠርግ ሠርግ እየሮጥኩ ባበጠ ከንፈር ነፋሁ። ገንዘቡ ጣመኝ። ያቺ ቀጭን ድምፅ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችልኝም። ዛሬም ሌላ ሰው ሲነፋት ስሰማ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

ይህ ሙያ በችኮላ አልመጣልንም። አርባ ልጆች የሚባሉትን ሰምተህ ይሆናል። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ አርመናውያን ልጆች ናቸው። የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤት የእኛን ሰዎች ኖታ አስተማሩ። ቤት የሌላቸው ልጆች ያመጡት ሙያ እጅ በእጅ ወርዶ አንተ ዘንድ ደርሷል። ሳስበው ልቤ ይነካል።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት፣ መንገዱ ሳይጮህ፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ ይዘህ ቆይ። ረጅም፣ ቀስ ያለ፣ ያልተንቀጠቀጠ ይሁን። የነፋኸውን ያህል እረፍ። ዕረፍቱም ልምምድ ነው። ለስላሳ ጠጥተህ አትንፋ፤ ስኳሩ ቧንቧው ውስጥ ይቀራል። ቁልፎቹን ዘይት ቀባቸው። ኖታ ማንበብንም አትናቅ፤ በጆሮው ብቻ የሚጫወት ሰው ሥራ የሚያገኘው የሚያውቀው ዜማ ሲጠራ ብቻ ነው። አንተ ከዚያ በላይ መሄድ ትችላለህ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ዘንድ ና። ትራምፔቱን ቤት ተወው። በከንፈርህ የምትይዘውን አፉን ብቻ ነቅለህ ይዘህልኝ ና።