ከደጅ ጥናት ወደ ሙያ ባልንጀርነት

በኢትዮጵያ የሥራ ዓለም «ሰው አለው» የሚባልለት ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሥልጣን ያለው ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ከጀርባው የቆመለት ሲሆን፣ ሁለተኛው አብረውት የሠሩ ሰዎች ስለ ሥራው በሙሉ ልብ የሚናገሩለት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ በባሕርይ አይገናኙም፤ የመጀመሪያው ለሌላ ተወዳዳሪ የሚገባውን ነጥቆ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀጣሪው ከወረቀት ሊያገኘው የማይችለውን እውነት ያሳውቃል። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ከመጸየፋቸው የተነሣ ሁለተኛውንም አብረው ይተዋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሁለተኛውን እየተመኙ በመጀመሪያው መንገድ ይሄዳሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ልዩነቱን ለማየት ወደ ደጅ ጥናት ልማድ መለስ ማለት ይጠቅማል። ደጅ ጥናት በዘውዱ ዘመን ሹመት፣ መሬት ወይም ፍርድ የሚሻ ሰው ወደ ንጉሡ ወይም ወደ መኳንንቱ ግቢ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየተመላለሰ፣ ጌታው በወጣና በገባ ቁጥር እጅ እየነሣ፣ ጉዳዩ እስኪታይለት ድረስ የሚጠባበቅበት ሥርዐት ነበር። የሥራ ማስታወቂያም ሆነ የፈተና ውጤት በማይለጠፍበት ጊዜ እንዲህ ማድረግ ሞኝነት አልነበረም። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ የቆመው ደጅ ጠኚው በሠራው ሥራ ላይ ሳይሆን በመታየቱ ላይ ስለ ነበር፣ ጌታው ሲሻር አብሮ ይፈርስ ነበር። ዛሬም በዐውደ ጥናት የሻይ ዕረፍት ላይ ስልክ ቁጥር ሲሰበስብ ውሎ፣ በበዓል ቀን ለሁሉም አንድ ዓይነት የመልካም ምኞት ሥዕል በቴሌግራም ልኮ፣ በሦስተኛው መልእክት የሥራ ማመልከቻውን የሚያያይዝ ሰው የዘመኑ ደጅ ጠኚ ነው፤ ግቢው ወደ ስልክ ገባ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም።

ትውውቅ ለሥራ የሚጠቅመው በምን መንገድ እንደ ሆነ ካጠኑት ምሁራን መካከል አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር ስሙ ቀድሞ ይነሣል። ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኒውተን በቅርቡ ሥራ የለወጡ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን ከነገራቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት ከመቶ 16.7 ብቻ መሆናቸውን፣ 55.6ቱ አልፎ አልፎ፣ 27.8ቱ ደግሞ ከስንት አንዴ ይገናኙ እንደ ነበር አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቅርብ ወዳጆች በአንድ ሰፈር የሚውሉ፣ አንድ ዓይነት ወሬ የሚሰሙ ስለ ሆኑ አንዱ የማያውቀውን ሌላውም አያውቀውም፤ የላላ ትስስር፣ ማለትም አዘውትረው የማይገናኙ ሰዎች ትውውቅ፣ ግን ከሌላ ክበብ የመጣ ዕውቀት ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የተመለከተ ጥናትም ይህንኑ ሐሳብ በጥቅሉ ደግፎ፣ ይበልጥ የሚረዳው እጅግ የራቀው ሳይሆን በመጠኑ የላላው ትውውቅ መሆኑን ጨምሮ አስረድቷል።

ይህ ግኝት በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያንን ኑሮ በሚገባ ያብራራል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው አዲስ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን፣ ብዙ ጊዜም በመኪና ማቆሚያ ወይም በታክሲ፣ የሚያገኘው በዘመድ ወይም በጓደኛ በኩል ነው፤ ይህ ጥብቅ ትስስር ተቀብሎ ያሳድራል፣ የቤት ኪራይ ያሟላል፣ ከብቸኝነትም ይጠብቃል። ነገር ግን የሚያውቃቸው ሁሉ እዚያው ስለሚሠሩ፣ መሐንዲስ ሆኖ የመጣው ሰው ዓመታት ቢያልፉም ስለ ምሕንድስና ሥራ የሚነግረው አያገኝም። በአዲስ አበባም ምሳውን ዘወትር ከዚያው የመሥሪያ ቤት ክፍል ሰዎች ጋር ብቻ የሚበላ የሒሳብ ባለሙያ ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። የእድርና የእቁብ ባህል ጥብቁን ትስስር ለማቆየት ወደር የለውም፤ የጎደለው የላላውን በክብር የመያዝ ልማድ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ወሬ ሰሚ መሆን ብቻውን አያስቀጥርም፤ ወሬውን የሚነግረው ሰው ስለሚጠቁመው ሰው የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራውን ለሚለቅ ሠራተኛ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዝዛል። ሠራተኛው ጊዜ ሲጠብብ እንዴት እንደሚሆን፣ የባልደረባውን ስሕተት ሲያገኝ ይሸፍን ወይም ያርም እንደ ሆነ፣ ያልቻለውን «አልቻልሁም» ይል እንደ ሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ይህን የሚያውቁት አብረውት የሠሩ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ያለው ግንኙነት እውነተኛ የሚሆነውም ያዩትን ለመናገር ነጻ ሲሆኑ ነው።

እንዲህ ያለው ምስክርነት በግብዣ አይገኝም፤ አብሮ በመሥራት ይገኛል። እንደ ኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበርና እንደ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ያሉ የሙያ ማኅበራት ጉባኤ ያዘጋጃሉ፣ የጥናት መጽሔት ያሳትማሉ፤ ይህን የመሰለ ሥራ ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ረቂቅ የሚያርም፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። በጉባኤው አዳራሽ ከመድረኩ የወረዱትን ሊቃውንት ለማስተዋወቂያ ፎቶ ከሚከብብ ይልቅ፣ የአንዱን ንዑስ ኮሚቴ ሥራ ተቀብሎ በቀጠሮው ቀን የሚያስረክብ ወጣት ይበልጥ ይታወቃል። ታላላቆችን ሲያነጋግርም ሥራ እንዲሰጡት ከመለመን ይልቅ ስለ ሥራቸው የተለየና የታሰበበት ጥያቄ ይጠይቅ፤ የተሰጠውን ምክር ተግባራዊ አድርጎ ውጤቱን መልሶ ያሳውቅ። ብዙዎች ምክር ይቀበላሉ፣ ምክሩ ምን እንዳፈራ ተመልሶ የሚነግር ግን ጥቂት ነው፤ ሰው የሚታወሰው በዚህ ነው። ርዳታ መጠየቅ ግድ ሲሆንም ጥያቄው ተጠያቂው ሳያፍር «አይሆንልኝም» ሊል የሚችልበት መሆን አለበት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በይሉኝታ ምክንያት በአገራችን ከባድ ነው። ይሉኝታ፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ስጋት፣ ለመልካም ጠባይ ትልቅ አጥር ቢሆንም፣ በሙያ ጉዳይ ላይ ሲገባ ያላመኑበትን ሰው «ጎበዝ ነው» አስብሎ ያስጽፋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ኃላፊ ለአንዱ ደግ የሆነ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን ነገ በእውነት ለሚገባው ልጅ የሚጽፈውን ደብዳቤ ዋጋ ያሳጣል። ስለማያውቀው ሥራ «አላየሁትም» ማለት የሚችል መስካሪ ብቻ ነው «አይቼዋለሁ» ሲል የሚታመነው።

ሌላም ያልተነገረለት በደል አለ። በከተሞቻችን ብዙ የሙያ ትውውቅ የሚደረገው ከሥራ ሰዓት በኋላ በሥጋ ቤትና በመጠጥ ቤት ስለ ሆነ፣ ልጅና ቤት የሚጠብቃቸው ሴት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የሚጾሙና የማይጠጡ ሰዎች፣ ሳይታወቅ ከክበቡ ውጭ ይቀራሉ። ትውውቁ ምስክርነት እንዲሆን የሚፈልግ የክፍል ኃላፊ ውይይቱን ወደ ሥራ ሰዓት፣ ወደ ምሳና ወደ ቡና ያምጣው፤ አዲስ ገቢዎችንም ከሌላ ክፍል ሰዎች ጋር በአንድ ሥራ ላይ ይመድባቸው።

ሥራ ያለው ባለሙያ ምንም ሳይፈልግ በዚህ ሳምንት ለአንድ የቀድሞ ባልደረባው ይደውል፤ ሥራ የሚፈልገውም አዲስ ስልክ ቁጥር ከመሰብሰቡ በፊት ቃል ገብቶ ያላስረከበውን ሥራ ያስረክብ።