ማንም የማያከብራት ቀን

የካቲት 23 ቀን በአምደወርቅም ሆነ በሰቆጣ፣ በመላው አገራችንም የታወቀ በዓል ነው። ሐምሌ 5 ቀንንም ሕዝባችን ያውቀዋል፤ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል የሚውልበት፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን ነውና። ነገር ግን ሐምሌ 5 ለዋግ አገር ሌላ ምን መታሰቢያ አለው ብለን ብንጠይቅ፣ የሚመልስልን ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር። በሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም. ግን ከዓድዋ አጠገብ፣ በአሰም ወንዝ ላይ ከትግራዩ ገዥ ከካሳ ምርጫ ጋር ጦርነት ገጥመው ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። ሠራዊታቸው በቁጥር ቢበልጥም፣ ካሳ እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉላቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። ድል አድራጊው በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው በአክሱም ነገሡ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፤ የተሸናፊው ንጉሥ ሚስት ድንቅነሽ ምርጫ የካሳ እኅት ነበሩ። በዚያ ቀን ቤት ከቤቱ ጋር ተዋጋ ማለት ነው።

አሁን አንድ ትንሽ ሒሳብ እናድርግ። ከ1863 እስከ 1888 ዓ.ም. ሃያ አምስት ዓመት ነው። ዋግ ሹም ጓንጉል የዋግን ሰው ይዘው ወደ ዓድዋ በዘመቱበት ጊዜ፣ በአሰም ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት አርባ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ወገኖቹ የወደቁበትን ሜዳ ያውቀዋል። ከጎኑ የተሰለፉት ደግሞ የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ናቸው። ይህ ሰው ምን አሰበ? መጻሕፍት አይነግሩንም፤ መዋጋቱን ግን ድሉ ይመሰክራል።

እንግዲህ ጥያቄአችን ይህ ነው፤ ወንድም ወንድሙን ያሸነፈበትን ቀን ማስታወስ ይገባልን? የአባቶቻችን ልማድ ለሞተው አርባውን ያወጣል፣ ተዝካሩን ያበላል፤ የጠቡን ቀን ግን በዓል አያደርገውም፤ እርቅ ከወረደ በኋላ ቂም መቆስቆስ ነውር ነው። ይህን ልማድ እናከብራለን። ሆኖም የታረቀና የረሳ አንድ አይደሉም። የአሰም 150ኛ ዓመት የሞላው በሐምሌ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበረ፤ በዚያው ዓመት ሰሜኑ አገራችን እንደ ገና በእርስ በርስ ጦርነት ይነድ ነበር። ቀኑን ያስታወሰ መኖሩን አልሰማንም።

(በነገራችን ላይ የአሰም ጦርነት በፈረንጅ አቆጣጠር የዋለው ጁላይ 11 ቀን ነው፤ ዛሬ ሐምሌ 5 የሚውለው ግን ጁላይ 12 ነው። ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስለ ዘለሉ የዓድዋም በዓል እንዲሁ ከማርች 1 ወደ ማርች 2 አልፏል። ቀንን የሚጠብቀው ሰው እንጂ የቀን መቁጠሪያ አለመሆኑን ከዚህ እናያለን።)

እኛ በበኩላችን ሐምሌ 5 በከበሮና በሰልፍ ይከበር አንልም። የአምደወርቅ መምህር ግን የካቲት 23 ሲደርስ ሁለቱን ቀኖች፣ አሰምንና ዓድዋን፣ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፋቸው። ከተማሪዎቹም አንዱ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ የኛ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ተሸንፈው ሳለ በሁለተኛው ስለ ምን ሄዱ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ከመናገሩ በፊት ክፍሉን ሁሉ ጥቂት ያሳስበው።